በቆርኪ የተቆጠረ ኳስ

ጋሽ መንገሻን ያገኘኋቸው ሸጎሌ፣ ታክሲ መያዣው ላይ ነው። ረመዳን ሊያልቅ ጥቂት ቀን ቀርቶታል። አፌ ደርቋል። ከቤት ስወጣ ምድጃው መጥፋቱን አይቼ፣ የጓሮውን በር ቁልፍ ጎትቼ፣ ከመንገድ ተመልሼ እንደገና ጎትቼዋለሁ። እንዲህ ነኝ፤ ጭንቀት ሲይዘኝ እጄ በር በር ይለዋል። ሰልፉ ላይ ከፊቴ አንድ ሽማግሌ በዚያ ፀሐይ ወፍራም ካፖርት ለብሰው፣ ከዘራቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ፊታቸውን አላወቅኩትም። ያወቅኩት እጃቸውን ነው። አውራ ጣታቸውን በሌሎቹ ጣቶች ጫፍ ላይ ያስኬዱታል፤ ከትንሿ ይጀምሩና ሌባ ጣት ላይ ሲደርሱ ይመለሳሉ። ሙስሊም ቢሆኑ የአላህን ስም እየቆጠሩ ዚክር እያደረጉ ነው እል ነበር። እሳቸው ግን ዕድሜያቸውን በሙሉ የሌላ ሰው ሥራ ሲቆጥሩ የኖሩ ሰው ናቸው።

"ጋሽ መንገሻ ነዎት?" አልኳቸው።

"አንቺ ደግሞ የማን ልጅ ነሽ?"

ስልሳ ዓመት ለተጠጋት ሴት እንዲህ የሚል ሰው አሁን የት ይገኛል? የፈትል ክፍሏ ዘይነባ መሆኔን፣ የሰይድ ባለቤት መሆኔን ነገርኳቸው። ዓይናቸውን ጨፈን ገለጥ አደረጉና ሳቁ። የፊት ጥርሳቸው የለም።

"ሰይድ፣ ግራ ተከላካዩ። ጣሳው ሁልጊዜ ባዶ የነበረው።"

ክፋት አልነበረባቸውም። የዘመድ ጤና እንደሚጠይቅ ሰው ነው ያሉት። ወዲያው የመርካቶ ታክሲ መጣና ረዳቱ ደግፎ አስገባቸው። እኔ የምሄደው በሌላ በኩል፣ የመጨረሻ ልጄ ኢብራሂም ኳስ ወደሚለማመድበት ሜዳ ነው። አሰልጣኙ በዚያ ሳምንት ከቡድኑ የሚቀነሱትን ልጆች ሊለይ ነው። ልጄ ከሚቀነሱት አንዱ እኔ ነኝ ብሎ ከነገረን ወዲህ ቤታችን ሐዘን የገባበት ቤት መስሏል። አሰልጣኙን ለምኜ ልጄን ላስቀር ነው የምሄደው። ታክሲው ውስጥ መስኮት ሥር ተቀምጬ ግን በሐሳቤ የነበረው ልጄ አልነበረም፤ ያ ባዶ ጣሳ ነበር።

በደርግ ጊዜ ጉለሌን የሚቀሰቅሳት የክር ፋብሪካው ጡሩምባ ነበር። አዛኑም የእንጦጦ ማርያም ደወልም ይቀድሙታል፤ ሰው ከአልጋው የሚዘለው ግን በጡሩምባው ነው። ጠዋት ጠዋት ጭጋጉ ከእንጦጦ ይወርድና ጣሪያችን ላይ ይተኛል። ከጭጋጉ ውስጥ መጀመሪያ ብቅ የሚሉት ቅጠልና እንጨት ተሸክመው የሚወርዱት ሴቶች ናቸው፤ ከእነሱ ኋላ የፋብሪካው ሠራተኛ ይጎርፋል። ዳቦ በአሥር ሳንቲም፣ ሻይም በአሥር ሳንቲም ነበር፤ የሁለቱን የያዘ ሰው ጠግቦ ይገባል። እኔ ከእናቴ ጋር ከወሎ የመጣሁ ልጅ ነኝ። አራተኛ ክፍልን ስጨርስ ትምህርቱ ቀረና ፈትል ክፍል ገባሁ። የጥጡ ብናኝ ቅንድብ ላይ ሳይቀር ያርፋል፤ ማታ ሻሻችንን ፈትተን ስናራግፈው በረዶ የወረደ ይመስል ነበር። አሁን ልጆቼ ያንን ሳወራ ሳንባሽን ታይተሻል ወይ ይሉኛል። እኔ ግን የማስታውሰው ሳቁን ነው። ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ጡሩምባው ሲነፋ ወንዶቹ ጎፈሬያቸውን አበጥረው፣ ቴትሮን ሸሚዝና ተነፋነፍ ሱሪ ለብሰው ይወጣሉ፤ እኛ ደግሞ ነጭ ሸራ ጫማችንን በጠመኔ ቀብተን እንከተላለን። ከጎሚስታው አጠገብ ያለው ሻይ ቤት ቴፑን በር ላይ አውጥቶ ያስጮኸዋል። አምባሰል ሲመጣ እናቴ እርምጃዋ ይዘገያል፤ ምነው ስላት ጫማዬ ውስጥ ጠጠር ገባብኝ ትለኛለች። ባዶ እግሯን ነበረች።

ቅዳሜ ከሰዓት የፋብሪካው ቡድን ኳስ አለው። ሜዳው የፋብሪካው አጥር ጀርባ ነበር፤ በላይኛው ጎኑ ባሕር ዛፍ፣ በታችኛው ጎኑ የሰው መቀመጫ። ዛሬ እዚያ ቦታ ላይ ፎቅ ቆሟል፤ ልብስ የሚሰጣበትን በረንዳ ሳይ ጎሉ እዚህ ጋ ነበር እያልኩ እገምታለሁ። ያኔ ኳስ ቀልድ አልነበረም። የቀን ሠራተኛ የሆነ ልጅ ኳስ ከቻለ ቋሚ ይሆናል፤ ቋሚ የሆነ ሰው ደግሞ ሲታመም ይታከማል፣ ሲያረጅ ጡረታ አለው፣ ሚስት ሲጠይቅም እናት አታፍርበትም። ሰይድ እሱም የወሎ ልጅ፣ መጋዘን ውስጥ ጥቅል ክር የሚያነሳ የቀን ሠራተኛ ነበር። በላይኛው ጎን፣ በባሕር ዛፉ በኩል፣ ግራ ተከላካይ ሆኖ ይቆማል፤ በዚያ ሜዳ ከእረፍት በኋላ ጎል መቀያየር አልነበረም። ሲሮጥ ብዙም አይታይም። ኳሱ ከመድረሱ በፊት እሱ እዚያ አለ። እንግዳው ቡድን በዚያ በኩል አንድ ሁለቴ ይሞክራል፣ ይመለሳል፤ ከዚያ በኋላ ወደዚያ የሚሄድ የለም። በሰይድ በኩል ሣሩ ራሱ አይረገጥም ነበር። የፈትል ክፍል ሴቶች ለሁሉም ተጫዋች ዘፈን ነበረን፤ የእሱ እንዲህ ይል ነበር፦

በግራ በር የለም፣ ግንብ ነው ያለው፣
ኳስ ይዞ የመጣን ሰይድ ነው የሚመልሰው።

ይህን ስዘፍን እናቴ በነጠላዋ አፏን ይዛ በጎን ታየኝ ነበር። አውቃለች።

አንድ ክረምት ሊገባ ሲል ከወዳጅ አገር ተምሮ የመጣ የስፖርት ኃላፊ ተሾመ። ቀጭን፣ ጫማው ጭቃ የማይነካው ሰው ነበር። ሰብስቦን ያልተቆጠረ ምርት ምርት እንዳልሆነ፣ ኳስም እንደ ክሩ መቆጠር እንዳለበት አስረዳን። ጋሽ መንገሻ ያኔ በየማሽኑ እየዞሩ የእያንዳንዳችንን ጥቅል ክር የሚቆጥሩ ሰው ናቸው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ኳሱን እንዲቆጥሩ ታዘዙ። የቲማቲም ጣሳዎች በረድፍ ተደረደሩላቸው፤ በየጣሳው ላይ የማሊያው ቁጥር በቀለም ተጻፈ። ከመዝናኛ ክበቡ ጆንያ ሙሉ የጠርሙስ ቆርኪ መጣ። ተጫዋቹ ኳስ በነካ ቁጥር ጋሽ መንገሻ አንድ ቆርኪ ጣሳው ውስጥ ይጥላሉ። ሲያልቅ ቆርኪው ብርድ ልብስ ላይ ተዘርግፎ ይቆጠራል፣ ውጤቱም ፋብሪካው በር ላይ ይለጠፋል። መጀመሪያ ሳቅን። ቋሚ የሚሆኑት ጣሳቸው የሞላ ናቸው ሲባል ግን ሳቁ ቀረ።

ኳሱም ተቀየረ። ጋሽ መንገሻ የሚቀመጡት በታችኛው ጎን ነው፣ ዓይናቸውም ሩቅ አያይም። ተጫዋቹ ቀስ በቀስ ወደ እሳቸው ይሰበሰብ ጀመር። ሁለት ሰዎች ፊት ለፊታቸው ቆመው ኳሷን አንተ ንካ፣ እኔ ልንካ እያሉ ይቀባበሏታል፤ ቆርኪው ጣሳው ውስጥ ይንቃጨላል። ከሕዝቡ መሐል አንድ ሰካራም ተነስቶ "ወገኖቼ፣ ጎሉ ወዲያ ነው፤ እዚህ ያለው ጣሳ ነው" ሲል ዳኛው ሳይቀር ሳቀ። ጭጋግ በወረደ ቀን ደግሞ ላይኛው ጎን ጭራሽ አይታይም። ያኛው ማነው የነካው ተብለው ሲጠየቁ፣ ጋሽ መንገሻ የተጠጋቸውን ሰው ጣሳ በቆርኪ ያንኳኳሉ። ሰይድ በዚያ በጭጋጉ ውስጥ፣ ማንም በማይመጣበት በኩል፣ ብቻውን ቆሟል። ለምን አንተም ወደ ታች አትወርድም ብዬ ጠየቅኩት። እኔ ከወረድኩ ያ በኩል ክፍት ይሆናል አለኝ፤ ነገሩ እንደዚያ ግልጽ ነበር ለእሱ።

እውነቱን ለመናገር ቆርኪው ሁሉንም አልበደለም። በቡድኑ መሐል ቁመቱ አጭር፣ ዝም ያለ፣ ለእሱ ዘፈን እንኳን ያላወጣንለት ልጅ ነበር። እኛ የምናየው ጎል የሚያገባውን ባለ ጎፈሬ ነው። ጣሳው ሲዘረገፍ ግን ኳስ ሁሉ የምታልፈው በዚያ አጭር ልጅ እግር መሆኑ ታወቀ። ቋሚ ሆነ፣ ቤት ተሰጠው፣ ልጆቹን በዚያ አስተማረ። ሚስቱ እስካሁን ከሱቃችን ትገዛለች። እሷ ፊት ስለ ቆርኪው ክፉ ተናግሬ አላውቅም፤ ለእሷ ያ ጣሳ ፍትሕ ነው።

ዓመቱ ሲያልቅ ሰይድ ተጠራ። ከቡድኑም ከመጋዘኑም መቀነሱን ነገሩት። ኃላፊው ፊት የተናገረው አንዲት ነገር ብቻ ነው፤ እዚያ የነበሩት ናቸው በኋላ ያወሩልኝ።

"ጓድ፣ ያልመጣውን ኳስ ከየት አምጥቼ ልንካው?"

"ቁጥር ወገን የለውም፣ ጓድ ሰይድ" ነበር መልሱ።

በሚቀጥለው ዓመት ቡድኑ ላይ ጎል የሚገባው በግራ በኩል ሆነ። እንግዶቹ ያንን በር አንዴ ካገኙት በኋላ ሌላ መንገድ አልፈለጉም። ኃላፊው ግን ቆጠራው በቂ ስላልሆነ ነው ብሎ ሁለተኛ ቆጣሪ ጨመረ። ሰይድ እዚህ ሸጎሌ በግ ሲያወርድና ሲጭን፣ ወገቡ እስኪጎብጥ ሠራ። እናቴ ልጄን ለተባረረ ሰው አልሰጥም ብላ ብዙ ከርማ ነው እሺ ያለችው። ዛሬ ጡረታ የለውም፤ ያለን ይህች ሱቅ ናት። ከዚያ ወዲህ ሜዳ ረግጦ አያውቅም። የሰፈር ልጆች ኳስ ተንከባላ ሱቃችን በር ላይ ስትመጣ እንኳን ጎንበስ ብሎ በእጁ ነው የሚመልሳት።

ኢብራሂም ዘግይቶ የመጣብን ልጅ ነው፣ እኅቶቹ ለጋብቻ ከደረሱ በኋላ። ስለዚህ ነው መሰለኝ ከሌሎቹ ይበልጥ የምጨነቅበት። ዝናብ ሲነካው፣ ብርድ ሲመታው፣ ከመንገድ ሲዘገይ ልቤ ይቆማል። ኳስ ማንም አላስተማረውም። አንድ ቀን ግን ሜዳ ዳር ሆኜ ሳየው፣ በግራ በኩል ቆሟል፤ አቋቋሙ የሰይድ ነው። ለአባቱ አልነገርኩም። ልጁ አደገና የአንድ ክለብ ወጣት ቡድን ውስጥ ገባ፤ ለትራንስፖርት ትንሽ ብር ይሰጡታል፣ ወደ ዋናው ቡድን ካደገ ደግሞ ደሞዝ አለው። አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው። ሌላ ነገር ማሰብ አይፈልግም።

አንድ ቀን የልምምድ ልብሱን ላጥብ ቦርሳውን ስፈታ እጄ ላይ ጥቁር፣ አጭር፣ የሴት ጡት መያዣ መጣ። የማን ልጅ ይሆን፣ ወላጆቿ ያውቁ ይሆን እያልኩ ሳሰላስል ዋልኩ። ሲመጣ በር ዘግቼ ያዝኩት።

"ይሄ የማን ነው?"

"የኔ ነው።"

"ያንተ?"

ሳቀብኝ። "እማ፣ ወንዶቹ ሁሉ እንለብሰዋለን። ጀርባው ላይ ያለችውን ኪስ አየሻት? መሣሪያ ይገባባታል። ስንት እንደሮጥኩ፣ በምን ፍጥነት እንደሮጥኩ ትቆጥራለች። ደረቴ ላይ ደግሞ ሌላ ማሰሪያ አለ፣ እሱ የልብ ምት ነው። ሁሉም አሰልጣኙ ኮምፒውተር ላይ ይገባል።"

ሰይድ ከሱቁ ሆኖ ይሰማ ኖሯል። "ጣሳውን ጀርባህ ላይ አሰሩልህ በለኛ" አለ። ልጁ አልገባውም፤ አባቱ ያንን ታሪክ ነግሮት አያውቅም። እኔ ግን የዚያን ቀን ልብሱን ሳጥብ፣ ውሃው ውስጥ ደጋግሜ ሳሸው፣ አንዳች ነገር አስጨነቀኝ።

ረመዳን ከገባ በኋላ አንድ ማታ አፍጥረን እንደጨረስን ኢብራሂም ቁጥሬ ወርዷል አለን። አሰልጣኙ አስጠርቶ አሳይቶታል፤ ከወራት በፊት የሚሮጠውን አሁን አይሮጥም፤ በዚህ ከቀጠለ ለሌላ ልጅ ቦታ መልቀቅ አለበት። ጾም ላይ መሆንህን ነግረኸዋል ወይ አልኩት። አልነገርኩትም፣ ሰበብ ይመስልብኛል፤ ሌሎች የሚጾሙ ልጆችም አሉ፣ የእነሱ እንዲህ አልወረደም አለ። ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም ብዬ ዝም አሰኘሁት። ሰይድ የተምሩን ፍሬ ሰሃን ላይ አስቀመጠና "ተይው፤ እሱም ቆርኪ ቆጣሪ ነው። ቆጣሪ አይለመንም" አለኝ። እኔ ግን ያኔ ለሰይድ የሚናገርለት ሰው እንዳልነበረ አስታወስኩ። ለልጄ እናገርለታለሁ ብዬ ወሰንኩ።

ሜዳው ስደርስ ልጆቹ እየተለማመዱ ነው። አሰልጣኙ ናትናኤል የሚባል፣ ኮፍያ ያደረገ፣ ከትልቋ ልጄ የማይበልጥ ሰው ነው። ወንበር አመጣልኝ፣ ውሃ ሊሰጠኝ ጠርሙስ አንስቶ አስታወሰና ይቅርታ ጠይቆ ደበቀው። የመጣሁበትን ነገርኩት። ልጄ እየጾመ እንደሚሮጥ፣ ሌሊት ለስሑር ተነስቶ አንድ ሁለት ጉርሻ ብቻ እንደሚቀምስ፣ ጾሙ ሲያልቅ እንደሚመለስ ነገርኩት። ሳላስበውም ስለ ሰይድ፣ ስለ ጣሳው፣ ጭጋግ ውስጥ ብቻውን ስለሚቆመው ሰው ሁሉንም ነገርኩት። ሳያቋርጠኝ ሰማኝ።

"እውነትዎን ነው፣ እማማ" አለ። "የባለቤትዎን ዓይነት ተጫዋች ይሄም መሣሪያ አያየውም። የሮጠውን እንጂ ያስቀረውን አይቆጥርም። ለዚህ ነው እኔም ቆሜ የማየው። ኢብራሂምን በአቋቋሙ ነው የመረጥኩት።"

ደስ አለኝ። ያሸነፍኩ መሰለኝ። ስለ ጾሙም እስከ ዒድ እንደሚጠብቀው ሊነግረኝ አፉን ሲከፍት ነው መሰለኝ፣ ድንገት ኮምፒውተሩን ወደ እኔ ያዞረው። ተራራ የሚወርድ መንገድ የመሰለ መስመር አለ።

"ጾሙ የገባው እዚህ ጋ ነው" አለና በእስክሪብቶ ጫፍ አሳየኝ። "መውረድ የጀመረው ግን እዚህ፣ ከጥምቀትም በፊት። ይሄ ደግሞ ሌላ የሚጾም ልጅ ነው፤ ጾሙ ሲገባ ትንሽ ዝቅ አለና እዚያው ቀጠለ።"

የልጄ መስመር አልቀጠለም። ቁልቁል ነው። ከሱ በላይ ሌላ ቀይ መስመር አለ፣ እሱ ሽቅብ ይወጣል። ይሄስ ምንድነው አልኩት።

"የልብ ምቱ ነው። እሱን ይተዉት፣ ማሰሪያው ላልቶ ይሆናል። ሩጫው የቀነሰ ልጅ ልቡ እንዲህ አይመታም።" ከዚያ አንገቱን ቀና አደረገ። "ቤት ውስጥ እንዴት ነው ግን?"

ምን ልንገረው? ዳገቱን ሲወጣ መብራት ምሰሶው ጋ ቆሞ ስልኩን እንደሚያይ ነገርኩት። ሁለት ትራስ ደርቦ ካልሆነ እንደማይተኛ ነገርኩት። እኔ ስልኩን ስለወደደ፣ አንገቱን ስላመመው መስሎኝ ነበር። አሰልጣኙ ኮፍያውን አወለቀ። የሌላ ቀን ልምምድ ከፈተ፣ ሌላም ከፈተ፤ ያችኑ ማሰሪያ ሌላ ልጅ ያደረገበትን ቀን ፈልጎ አየ። ቀይዋ መስመር በሌላው ልጅ ላይ ደህና ናት።

"ማሰሪያው አልላላም" አለ፣ ለእኔ ሳይሆን ለራሱ። ተነስቶ ፊሽካ ነፋ። "እማማ፣ ነገ ሐኪም ቤት ይውሰዱት። አሁን ከልምምድ አወጣዋለሁ።"

"ከቡድኑስ ትቀንሰዋለህ?"

"እሱን ለጊዜው ይተዉት።"

ኢብራሂም ከሜዳው ሲወጣ አየኝ። እናቱ አሰልጣኙ ጋ ተቀምጣለች፣ እሱ ደግሞ ከጓደኞቹ ተለይቶ ውጣ ተባለ። ታክሲ ውስጥ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረብኝ። በመንገዱ ሙሉ ሳስብ የነበረው ይህን ነው። ቆርኪው ሰይድ ለምን ኳስ እንዳልነካ አልተናገረም። ያቺ መስመርም ልጄ ለምን እንደዘገየ አልተናገረችም። ቁጥር ሁለቱንም ጊዜ ያለው ያንኑ ነው፤ እዚህ ጋ አንድ ነገር አለ ነው ያለው። ያኔ ማንም አልጠየቀም። ይሄኛው ጠየቀ። መልሱ እንዲህ ይሆናል ብዬ ግን አልመጣሁም። ቆጠራ ውሸታም ነው ብዬ ይህን ያህል ዘመን ኖሬ፣ እውነት የተናገረው በልጄ ላይ ሆነ።

ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ድምጿ ዝግ ያለ። ደረቱ ላይ ቀዝቃዛ ነገር ቀብታ በመሣሪያ ስታየው ቆየች። ከልቡ በሮች አንዱ ጠቧል አለችን፤ ደሙ እንደ ልብ አያልፍም፣ ስለዚህ ልቡ ይታገላል። ሳይታከም የቆየ የጉሮሮ ሕመም ልብን እንደሚያጠቃ ነግራን፣ በልጅነቱ ጉሮሮውን ያመው ነበር ወይ ብላ ጠየቀችኝ። በእንጦጦ ብርድ ጉሮሮውን ያላመመው ልጅ ጉለሌ ውስጥ የለም አልኳት። ራሷን ነቀነቀች፤ ብዙ እናት የምትመልስላት እንዲህ መሆኑን አወቅኩ። በየወሩ መርፌ አለው፤ ለቀዶ ሕክምናው ደግሞ ወረፋ ያዘች፣ ወረፋው ረጅም ነው። ኳስስ አላት ልጄ። እሱን እርሳው አለችው። ስትሮጥ ብትወድቅ ማንም አያነሳህም ነበር አለችው። ልጄ የተኛበትን አልጋ ጠርዝ ይዞ ጣሪያውን ያይ ነበር።

ለሰይድ ቤት ገብቼ ስነግረው ስኳር ጆንያው ላይ ተቀመጠ።

"ቆጠራው ልክ ነበር?" አለኝ።

"ልክ ነበር።"

"አልሐምዱሊላህ" አለ። ደስታ ያለበት ቃል አልነበረም። ሱቁን በቀን ዘጋው፤ ያንን ሲያደርግ ያየሁት እናቴ የሞተች ዕለት ብቻ ነው።

ዒድ አለፈ፣ ክረምቱም ተቃረበ። አሰልጣኙ መጥቶ ጠይቆታል፤ አብረው ጓሮ ተቀምጠው ያወሩትን አልሰማሁም። ኢብራሂም አሁን ከሱቁ አይወጣም። ቅዳሜ ጓደኞቹ ታኬታቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው በደጃችን ያልፋሉ፤ ቆመው ሰላም ይሉታል፣ እሱም ይስቃል፣ ከዚያ ወደ ውስጥ ገብቶ የተደረደረውን ሳሙና እንደገና ይደረድራል። እኔ ከጎኑ ሆኜ ትንፋሹን አዳምጣለሁ። ታዳምጪኛለሽ ብሎ ሲቆጣኝ ሬዲዮውን እከፍታለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ለአንዲት ጎረቤት ስኳር እየመዘነ፣ ዓይኑን ከሚዛኑ ሳያነሳ ጠየቀኝ።

"እማ፣ ያን ቀን ስለ ጾሙ ልትነግሪው ነው የሄድሽው አይደል?"

"አዎ።"

"ሊያምንሽ ነበር እኮ። ነግሮኛል። እስከ ዒድ ጠብቄው፣ ከዚያ እስከ ዓመቱ መጨረሻ አጫውተው ነበር ብሎኛል።"

"አውቃለሁ።"

"ኮምፒውተሩን ባያዞረው ዛሬ እጫወት ነበር።"

"ትጫወት ነበር" አልኩት።

ስኳሩን በወረቀት ጠቅልሎ ለሴትዮዋ ሰጣት፣ መልሷንም ሰጣት። እስከ መቼ ነበር የምጫወተው ብሎ አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርኩትም። ቀጥላ የመጣችው ዘይት ፈለገች። ጀሪካኑን ሊያነሳ ሲጎነበስ ቀድሜው አነሳሁት።